ዳሞታም በርዶታል

አስካለች በጠዋቱ ሹራብ ይዛ ከሰባት ዓመት ልጇ ጋር ግብግብ ገጥማለች። ሰኔ ነው፤ ሶዶ ላይ ሲያካፋ አድሯል። እሷ አንዱን እጅጌ ስታስገባ ሶልያና ሌላውን ታወልቃለች።

«አይበርደኝም አልኩ!»

«ወይ ጣጣዬ! ያውልሽ ዳሞታ፣ ተራራው እንኳ በርዶት ጉም ለብሷል!»

ልጅቷ በመስኮት አየችው። «እሱ ስላረጀ ነው።»

አስካለች እንደምንም አልብሳ፣ ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያመላልሰው ባጃጅ ላይ አሳፈረቻትና ደጃፉ ላይ ዝርፍጥ አለች። ቀኑ ገና ሳይጀመር ደክሟታል።

ወደ ቢሮ ስትወጣ ያው ባጃጅ ተመልሶ አገኛት። ገብታ ከመቀመጧ ሹፌሩ ሶርሳ ሹራብ የታጨቀበት ከረጢት ከወንበሩ ሥር ጎትቶ አወጣ።

«የሶልያና እናት፣ ያንቺን ለይተሽ ውሰጂ። ኩርባውን ታጥፈን እናቶቻቸው ከዓይን እንደራቁ ሁሉም ያወልቃሉ።»

«አንተስ ዝም ትላለህ?»

«አንዱን ሳለብስ ሌላው ያወልቃል። ተውኩት።»

አስካለች ልትቆጣም ልትስቅም ፈለገች፤ ሁለቱም አቃታት። በባጃጁ ሸራ በኩል ነፋስ ገብቶ ሲያንዘፈዝፋት፣ ከልጇ ጋር ስትታገል የራሷን ጃኬት ረስታ መውጣቷ ትዝ አላት። ቀና ብላ ዳሞታን አየችው፤ አሁንም ጉሙን እንደተከናነበ ነው።

«እሺ፣ አርጅተናል» አለችው፤ የልጇንም ትንሽ ሹራብ አንገቷ ላይ ጠመጠመች።