ዘጠነኛው የዝምታ ቀን

"ክፈቺ። በይ የኔ እናት፣ ሰፋ አድርገሽ ክፈቺ።"

ሮዳስ የእናቷን ጭን ተንተርሳ አፏን ከፈተች። አስካለ የማንኪያውን እጀታ በልጅቷ ምላስ ጫፍ ላይ አሳርፋ ወደ ታች ጫን አደረገችው። ጫፉ እንዳይነሳ ከተያዘ የምላሱ ሥር ብቻውን ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ "ካ" ይወጣል ብሏታል የአነጋገር ባለሙያው።

"በይ፣ ካ።"

ልጅቷ ጣሪያውን ታያለች። ትንፋሿ ይሰማል፣ ድምፅ ግን የለም።

"ሮዲዬ፣ አንዴ ብቻ። 'ታ' ብትዪም ግዴለም። ታ በይልኝ።"

ወይ ፍንክች! ከመጋረጃው ወዲያ፣ ሆቴሏ ውስጥ፣ ሾፌሮች ጠረጴዛ እየደበደቡ "ማማ ሮዳስ! ቻይ!" እያሉ ሻይ ያዛሉ። አስካለ ማንኪያውን ወርውራ ተነሳች። ወዲያው ደግሞ ልጅቷ መደንገጧን አይታ ጎንበስ ብላ አነሳችውና በሽርጧ ጠረገችው። ቅዳሜ ነው፣ አራት ሰዓት አልፏል፤ እትዬ እታለማሁ ደግሞ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወጌሻውን ይዤ እመጣለሁ ብለዋል።

እትዬ እታለማሁ የባሏ የታፈሰ ታላቅ እህት ናቸው። ሮዳስ አፏን ከዘጋች ዘጠኝ ቀኗ ነው፤ እሳቸው ደግሞ በሦስተኛው ቀን ፍርዱን ሰጥተው ጨርሰዋል፤ "ምላሷ ታስሮ ነው። ከሥሩ ያለው ክር ይቆረጥ።" ከኬንያዋ ሞያሌ ኢሲዮሎ በጭነት መኪና የሚመላለሰው ታፈሰም በስልክ ተስማማ። "እኔ በልጅነቴ እንጥሌን ተቆርጬ አይደል ያደግሁት? ምን ሆንኩ?" አለ። አስካለ ስትለምነው ጊዜ እስከ ቅዳሜ ሰጣት። እስከ ቅዳሜ ከተናገረች ተናገረች፤ አለዚያ ይቆረጣል። አስካለ የፈራችው ወዳ አይደለም። አምና ቡቲዬ ሰፈር ውስጥ አንዲት ልጅ እንዲሁ ተቆርጣ ደሙ አልቆም ብሎ፣ በቦዳቦዳ ሞተር ተሸክመው ሲያሮጧት በዓይኗ አይታለች።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሮዳስ ስድስት ዓመቷ ነው። አፏን ከፈታች ጀምሮ "ከ"ን "ተ"፣ "ገ"ን "ደ"፣ "ቀ"ን "ጠ" እያለች ነው የምታወራው። እንዴት ያለች ወሬኛ ነበረች! ለሐበሻው በአማርኛ፣ ለቦረናው በኦሮምኛ፣ ለፖሊሱ በስዋሂሊ ስትቀደድ ትውላለች፤ በሦስቱም ቋንቋ "ከ" ከአፏ አይወጣም። ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ "ታታ" ብለው ስም አወጡላትና እያለቀሰች መመለስ ጀመረች። አስካለም በወር አንዴ ከማርሳቢት እየመጣ የልጆች አነጋገር የሚያስተካክል ዴኒስ የሚባል ወጣት ዘንድ ወሰደቻት።

ዴኒስ ምላሷን አስወጥቶ፣ ከንፈሯን አስልሶ፣ ከሥር በባትሪ አየ። "ምላሷ ደህና ነው፣ የታሰረ ነገር የለም" አላት በስዋሂሊ። "የሚያስፈልጋት ልምምድ ነው። በጀርባዋ አስተኚያት፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ። ውሃ አስጉመጥምጫት፣ እንደ ጨዋታ ይሁን። ከዚያ ውጪ እንዳሻት ታውራ፣ አታርሚያት። ፖሌ ፖሌ፣ ማማ፤ ቀስ በቀስ።"

አስካለና ፖሌ ፖሌ ግን መች ይተዋወቃሉ? በስደት መጥታ፣ በአንዲት ማንቆርቆሪያ ሻይ ጀምራ ሆቴል ያቆመች ሴት ናት። አምስት ደቂቃ ጥሩ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ይበልጣል ብላ አሰበች። እናም በገዛ ቤቷ ውስጥ ኬላ አቆመች። ልጅቷ ስኳር ስትጠይቅ "መጀመሪያ 'ኳ' በይ"፤ ካልሲዋን ስትፈልግ "'ካ' በይና ውሰጂ።" በትክክል ያልተጠራ ነገር አያልፍም። ደንበኛውም ገባበት፤ ሻይ የሚጠጣ ሁሉ "በይ ካ! በይ ጋ!" እያለ ይፈትናታል፣ ስትሳሳት ይስቃል።

ሁካ የሚባል ከጎዶማ መንደር የሚመጣ የከብት ደላላ ነበር። ሮዳስ "ሁታ" ስትለው ደስ የሚለው፣ ከብት ሸጦ ሲመጣ ብስኩት የሚይዝላት ሰው ነው። አንድ ዓርብ አስካለ "በስምህ ካልጠራችህ እንዳትመልስላት" አለችው። ሮዳስ እጁን እየጎተተች "ሁታ! ሁታ!" አለች። ሁካ እየከበደው አንገቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። "ሁታ፣ እኔ ነኝ!" አለች ልጅቷ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አስካለም ሳቀች። ሮዳስ እጁን ለቀቀችው። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ለማንም አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ይህንን አስካለ አሳምራ ታውቃለች። ማክሰኞ ዕለት ዴኒስ ዘንድ ስትሄድ "ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ?" ብሎ ሲጠይቃት "ምንም የለም" አለችው። ልምምዱስ? "እንዳሉኝ ነው የማደርገው።" በስመአብ! የገዛ ልጇ አጠገቧ ቆማ እያየቻት። ለታፈሰም አልነገረችውም። ምን ትበለው? የልጅህን አፍ የዘጋሁት እኔ ነኝ?

እትዬ እታለማሁ ከተባለው ሰዓት ቀድመው ደረሱ። አብረዋቸው ከወዲያኛው፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ የተሻገሩት ወጌሻ ጋሽ ሱራ ነበሩ፤ ኮታቸውን የቆለፉ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ። ጓዳ ገብተው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ነጭ ጨርቅ ዘረጉ፤ ከወረቀቱ ያልወጣ አዲስ ምላጭ አስቀመጡበት።

"ተናገረች?" አሉ እትዬ እታለማሁ።

"እስከ ማታ ቢታገሱኝ፣ እትዬ…"

"እስከ ማታ! ጋሽ ሱራ ድንበሩ ሳይዘጋ የሚመለሱ ሰው ናቸው። ወንድሜ እስከ ቅዳሜ ብሏል፣ ቅዳሜ ነው።"

"ዴኒስ ምላሷ አልታሰረም ብሏል። በባትሪ ነው ያየው።"

"ታዲያ ካልታሰረ ለምን አትናገርም? እስቲ ንገሪኛ!"

አስካለ ልጅቷ ለምን እንደማትናገር የምትነግርበት ጊዜ ይኸው መጣ። እሷ ግን ማንኪያውን እንደገና በሽርጧ ጠረገች። ሐፍረት ክፉ ነው፤ ሰውን ከልጁ ጋር ያጣላል።

"ልጅቷን የሚይዛት ማን ነው?" አሉ ጋሽ ሱራ።

"እኔ እይዛለሁ" አሉ እትዬ እታለማሁ።

"አይሆንም። እኔ የወለደች እጅ ያልያዘውን ልጅ አልነካም። አባቴም እንዲያ ነበር የሚሠራው።" ወደ አስካለ ዞሩ። "ጭንቅላቷን በጭንሽ፣ እጆቿን በእጅሽ። ምንም አይደል፣ ሁለት ደቂቃ ነው።"

እትዬ እታለማሁ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ "እንዳትደነግጥ እንደ ሁልጊዜው ልምምድ ነው በያት" አሉ።

አስካለ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። "ሮዲ፣ ነይ ተኚ" አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ሮዳስ መጣች። አላንገራገረችም፣ አላለቀሰችም። እንደለመደችው በጀርባዋ ተኛች፣ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አመቻቸች፣ ማንም ሳያዛት አፏን ከፈተች፤ ዓይኗንም ጨፈነች። አስካለ እነዚያን ትናንሽ እጆች ያዘቻቸው። ሞቀዋል፣ በብስኩት ፍርፋሪ ተለውሰዋል። ልጄ አምናኝ ነው የተኛችው አለች በልቧ።

ጋሽ ሱራ አውራ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ምላሷን ከሥር አነሱ። የማንኪያው ብረት አለመሆኑን ስታውቅ ሮዳስ ዓይኗን ገለጠች። ምላጩን አየች። ጭንቅላቷን በኃይል አዙራ ጣታቸውን ተፋችው። ወደ እሳቸው አልነበረም የዞረችው፤ ወደ እናቷ ነው።

"እማ፣ አትጡረጡኝ! አልፈልድም!"

ከዘጠኝ ቀን በኋላ የመጣ ድምፅ ነው፤ ሻክሯል።

"ይኸው!" አሉ እትዬ እታለማሁ። "ሰማችሁ? 'አልፈልድም'! አንዲት ፊደል አልተሻሻለችም። ጋሽ ሱራ፣ ቶሎ ይበሉ፣ አፏ እንደተከፈተ…"

አስካለ የሮዳስን እጆች ለቀቀች። ልጅቷን ከመሬት አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

"አልፈልግም ነው ያለችው" አለች። "እኔ ገብቶኛል። እርስዎም ገብቶዎታል፣ እትዬ።"

"ምኑ ነው የሚገባኝ? አባቷ…"

"ምላሷ አልታሰረም። ያሰርኳት እኔ ነኝ።" አሁን ቃሉ ተግተልትሎ መጣ። "ስኳር ከለከልኳት። ካልሲዋን ከለከልኳት። ሰው በተሰበሰበበት አሳቅሁባት። ሁካን እንኳ እንዳይመልስላት ያልኩት እኔ ነኝ። ዴኒስ አታርሚያት ብሎኝ ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ልጅቷ ምን ታድርግ? ዝም ስትል ብቻ ነው የማልፈርድባት።"

እትዬ እታለማሁ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጋሽ ሱራ ግን ምንም አልደነቃቸውም፤ ምላጩን ወደ ወረቀቱ መለሱና ጨርቁን አጠፉ።

"እናቷ ከለቀቀች ሥራ የለም" አሉ። "ምሳ ካለ እበላለሁ፣ ከሌለ እሄዳለሁ።"

"ቁጭ ይበሉ! የት ይሄዳሉ?" አሉ እትዬ እታለማሁ። "ቤቱ ባለቤት አለው። ወንድሜ ትያዝ ካለ ትይዛለች!" ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ታፈሰ ሲያነሳ አስካለ በአንድ እጇ ልጅቷን እንዳቀፈች ስልኩን ከእጃቸው ላይ ወሰደችው። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዋ አድርጋባቸው አታውቅም።

"እህ፣ አለቀ?" አለ ታፈሰ። የመኪናው ሞተር ከኋላው ያጓራል።

"አልተጀመረም። ታፈሰ፣ ልጅቷ ተናገረች።"

"ተናገረች? እሰይ! ምን አለች? 'ከ' አለች?"

"አላለችም። አፏን ያስዘጋኋት እኔ ነኝ፣ ስትመጣ ሁሉንም እነግርሃለሁ፤ ያን ጊዜ ትቆጣኛለህ። አሁን ግን ራሷ ትንገርህ።"

ስልኩን ልጅቷ ጆሮ ላይ አደረገችው። ሮዳስ በሁለት እጇ ያዘችውና የእናቷን ፊት አየች። ይታረማል ብላ የምትጠብቅ ትመስላለች። አስካለ ምንም አላለችም።

"አባ" አለች ሮዳስ፣ "ምላሴን አትጡረጡኝ። አልፈልድም።"

ሞተሩ ጠፋ። መኪናውን ዳር አስይዞ መሆን አለበት። ታፈሰ ጉሮሮውን ሲጠርግ በጓዳው ውስጥ ላለ ሁሉ ተሰማ።

"እታለማሁን አቅርቡልኝ።"

እትዬ እታለማሁ ነጠላቸውን አስተካክለው እጃቸውን ዘረጉ። አስካለ ከፊታቸው ቆመች፤ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣

"አላቀርብም" አለች። "የነገረችህ እሷ ናት፣ መልሱንም ለእሷ ንገራት።"

ስልኩንም ከልጅቷ ጆሮ ሳታነሳ ደግፋ ያዘችው።