በአንድ እጅ የሚከፈት ሰንጢ

አዲሱን ሰንጢ ያመጣችልኝ ልጄ ናት። የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ ለሥራ ስትመጣ ሱቄ ጎራ አለችና አልብሼ የጨረስኩት ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ ከቦርሳዋ ትንሽ ጥቁር ሳጥን አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። «ክፈተው አባዬ» አለች። እኔ ስጦታ መክፈት አላውቅበትም። ሳጥኑን ሳገላብጥ ትዕግሥቷ አለቀና ራሷ ከፈተችው።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ሳየው ደስ አላለኝም። ሲበዛ ያምራል። እጀታው ጠቆር ያለ እንጨት ሆኖ ዳር ዳሩ በብረት ተለብጧል። ከአሮጌው ይቀላል፤ መዳፍ ውስጥ ሲገባ ግን እዚያው የኖረ ይመስል ልክክ ይላል። ስለቱ አንድ ጭረት የለበትም፣ ፊቴን አየሁበት፤ ፊቴን ደግሞ በጠዋት ማየት ብዙም አልወድም። ጎኑ ላይ ጉብ ያለች ነገር አለች። እሷን በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጓት ስለቱ ቀጭ ብሎ ይወጣና ቀጥ ብሎ ይቆማል። በአንድ እጅ። ሌላኛው እጅ ኪስ ውስጥ ቢውል ግድ የለውም።

«አየህ?» አለች ልጄ። «ከእንግዲህ ማንም አያስፈልግህም።»

ይህን ያለችው አሮጌውን ሰንጢዬን ስለምታውቀው ነው። እኔ ሶፋ አልባሽ ነኝ። ያረጀ ጨርቅ ቀድጄ፣ የሞተ ስፖንጅ ቆርጬ አውጥቼ፣ የላላ ሞላ አስሬ አዲስ አለብሳለሁ። ከመዶሻና ከሰንጢ ሌላ ብዙ ዕቃ አልፈልግም፤ ችግሩ ሁለቱ አልተስማሙልኝም። መዶሻው ገና በወጣትነቴ የግራ አውራ ጣቴን ጥፍር ወሰደው። የቀረው ጥፍሬም ከክርና ከሽቦ ጋር ሲታገል ተበልቶ አልቋል። አሮጌው ሰንጢ ደግሞ በረጅም ጥፍር ካልሳቡት በቀር ንቅንቅ የማይል ግትር ነበር። ስለዚህ በየጠዋቱ ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ይከፍትልኛል።

ሰዓት ሠሪውን ሰፈርተኛው «ደቂቃ» ይለዋል። ማንም ቢገባ ቀና ሳይል «አንድ ደቂቃ» ስለሚል ነው፤ ያቺ የእሱ ደቂቃ ሻይ አፍልታ ታስጠጣለች። የእሱንና የእኔን ሱቅ የሚለየው አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ፣ መጥረጊያዬን ጥግ አስይዤ፣ ሰንጢዬን ይዤ እገባለሁ። «አንድ ደቂቃ» ይላል። እጠብቃለሁ። ከዚያ ማጉያውን ከዓይኑ ላይ አንስቶ ሰንጢውን ይቀበለኛል።

«ምን ልታርድ ነው?»

«ሶፋ።»

«ወፍራም ነው?»

«ባለሦስት ሰው ነው።»

በየጠዋቱ ያቺው ቀልድ ናት፤ በየጠዋቱ እንስቃለን። ከዚያ እሱ ስለ ወገቡ ያወራኛል፣ እኔ ስለ ጉልበቴ አወራዋለሁ፣ በመሃሉ ጥፍሩን ያስገባና ስለቱን ስቦ ያወጣልኛል። የተከፈተውን ሰንጢ ወደ ታች አድርጌ ይዤ እመለሳለሁ። ቀኑን ሙሉ እንደተከፈተ ስፖንጅ ላይ ተሰክቶ ይውላል። ለመዝጋት ጥፍር አያስፈልግምና ማታ ራሴ እዘጋዋለሁ።

እሱ አላገባም፤ የእኔዋ ሞታብኛለች። ደንበኛ ያልመጣ ቀን የሁለታችንም የቀን ወሬ ያቺው የጠዋት ወግ ናት። ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ፣ በቀኝ እጁ በኩል፣ አፏ ቀጭን የሆነ የሰዓት ዘይት ጠርሙስ አለች። ከእሷ አንዲት ጠብታ ብትነካው አሮጌው ሰንጢ ግትርነቱን ይረሳ ነበር። እሱም ልቀባልህ ብሎኝ አያውቅም፣ እኔም ቀባልኝ ብዬው አላውቅም።

ልጄ ይህን አታውቅም። በስጦታዋ ደስ ብሏት፣ እኔን በክንዴ እየጎተተች ደቂቃ ሱቅ ይዛኝ ገባች።

«አንድ ደቂቃ» አለ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለችና ከአፍንጫው ሥር ቀጭ አደረገችው። ዘጋችው። ደገመችው። «ከእንግዲህ አባዬ በየጠዋቱ አያስቸግርዎትም።»

ደቂቃ ሰንጢውን አየ፣ እሷን አየ፣ እኔን ግን አላየኝም። «እሰይ» አለ። «ተገላገልኩ በያ።»

ልጄ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ? አሮጌውን ሰንጢ ለመታሰቢያ ብላ ይዛው ሄደች።

ያቺ «ተገላገልኩ» ግን ከእኔ ጋር ቀረች። ቀልድ ነው እላለሁ። መልሼ ደግሞ፣ ይህን ሁሉ ዘመን በየጠዋቱ ሥራውን ሳስፈታው ኖሬ ይሆን እላለሁ። ማጉያውን እያነሳ የሌላ ሰው ሰንጢ መክፈት የሚወድ ማን አለ? አፉን ሞልቶ «ኧረ ምን አስቸገረኝ» ቢል ምን ነበረበት? ሆድ ባሰኝ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ለእኔ ግን ሆዴ በባሰበት ሰሞን እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሰንጢ ተሰጠኝ። ጥፋቱ የሰንጢው አይደለም፤ ጨርቁን ሲሰነጥቀው ድምፅ እንኳ አያሰማም።

ለምን ዝም ብለህ አትገባም ትሉኝ ይሆናል። እኔና ደቂቃ ያለ ጉዳይ የሰው ደጅ የምንረግጥ ሰዎች አይደለንም። አንድ ጊዜ ታምሜ ተኝቼ ሊጠይቀኝ ሲመጣ እንኳ «የግድግዳ ሰዓትህ ወደ ኋላ ይቀራል ሲሉ ሰምቼ ነው» ብሎ ነው የገባው። ሰዓቱን አውርዶ ሲነካካው አመሸ፤ ሰዓቱ ምንም አልነበረውም። እንግዲህ ጉዳዬ ሰንጢው ነበር፣ ሰንጢው ደግሞ ሰው አያስፈልገውም።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ደጅ ላይ እጅ መነሳሳት ብቻ ሆነ። እሱ እጁን ያነሳል፣ እኔም አነሳለሁ፣ ሁለታችንም እንገባለን። በኮምፔንሳቶው በኩል ሳሉን እሰማለሁ። እሱም መዶሻዬን ይሰማል።

አንድ ቀን ማንም ሳይመጣ ዋለ። ወደ ማምሻው ግድም አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ ክፍት ነው ወይ አለችኝ። «ግቢ» ልላት አፌን ስከፍት የወጣው ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም፤ ሻክሮ፣ ታፍኖ ነው የወጣው። «ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። ለካ ከነቃሁ ጀምሮ ቃል አልተነፈስኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ይህን ያለው ሰው ብቻውን ውሎ የሚያውቅ አይመስለኝም።

በማግስቱ ሱቄን ከፈትኩ። መጥረጊያዬን ጥግ አስያዝኩ። ሰንጢውን ከኪሴ አውጥቼ ቀጭ አደረግኩት፣ መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ ወደ ጎረቤት ገባሁ።

«አንድ ደቂቃ» አለ፣ ቀና ሳይል።

ጠበቅኩ። ለመውጣት ጊዜ ነበረኝ፤ አልወጣሁም። ማጉያውን ሲያነሳ የተዘጋውን ሰንጢ ዘረጋሁለት።

«እምቢ አለኝ» አልኩት።

ተቀበለኝና አገላበጠው። የምስር ፍሬ የምታክል ብሎን በጉጠት የሚያነሳ ሰው ነው። ልጄም ከአፍንጫው ሥር ሁለቴ ከፍታ አሳይታዋለች። ያቺን ጉብታ ገፋ አድርጎ ከመለሰልኝ መልሴን አገኘሁ ማለት ነው፤ ሁለተኛ አልመጣም። ዓይኔን ግድግዳው ላይ ወዳሉት ሰዓቶች መለስኩ። ሁሉም የየራሳቸውን ሰዓት ይቆጥራሉ።

ቀጭ የሚለውን ብጠብቅ አልሰማ አልኩ። ዞር ስል ደቂቃ አውራ ጣቱን ከጉብታዋ አርቆ፣ ጥፍሩን ስለቱ ጠርዝ ላይ ሰክቶ ይስባል። ከንፈሩን ነከሰ። ሰንጢውን ጉልበቱ መሃል አጣበቀና በሁለት እጁ ታገለው። «ወይ ጉድ» አለ፣ ለሰንጢው። በመጨረሻ ስለቱ ወጣ።

«ምን ልታርድ ነው?» አለኝ።

«ሶፋ።»

«ወፍራም ነው?»

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ባለአንድ ሰው ነው» አልኩት።

ስለቱን በእጅጌው ጠረገና ሰጠኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የዘይት ጠርሙስ አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተታት።

«ከአሮጌው ይብሳል ይሄ» አለ። «ማንም ዘይት ልቀባልህ ቢልህ እሺ እንዳትል።»

እሺ አልኩት። ከዚያ ስለ ወገቡ ጀመረልኝ፤ የብዙ ቀን ወሬ ተጠራቅሞበት ነበር።