እሳት ያልነካው ምስር

እትዬ እሳት የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሆስፒታሉ ሰዎች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የበሽተኛ ምግብ ሲያበስሉ፣ ያልፈላ ነገር የወጥ ቤታቸውን በር አልፎ አያውቅም። ካሮትም ይሁን ጎመን፣ ማንም ይዘዘው ማን፣ መጀመሪያ ድስት ይገባል። አንድ አዲስ ሐኪም ለበሽተኞቹ ጥሬ ሰላጣ ይቅረብ ብሎ ጽፎ ቢልክላቸው፣ ሰላጣውን ቀቅለው ላኩለት። ጡረታ ወጥተው ጓዛቸውን ሸክፈው አንድ ልጃቸው ቤት ሲገቡም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የልጅ ናፍቆት ብቻ አልነበረም የጎተታቸው። ኩሽናው ውስጥ ያለውን ባለ አራት ምድጃ ስቶቭም አይተውታል።

ምራታቸው ፋርማሲስት ናት። ፋርማሲስት መሆኗ መቼም ክፋት የለውም፤ ጣጣው ቤት ገብታም ፋርማሲስት መሆኗ ነው። ዘይት የምትለካው ከሽሮፕ ጋር በሚመጣው ትንሽ ኩባያ ነው። በጣሳ የታሸገ ምግብ ስትገዛ ከምግቡ በፊት ጽሑፉን ታነባለች፤ ጽሑፉ የበሰለ ካለ በስሏል፣ ክርክር የለም። እትዬ እሳት ደግሞ በገዛ እጃቸው ያልጣዱትን ነገር በስሏል ብለው አያምኑም።

ነገሩን ያመጣው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ሊገዛ የታሰበው ማሽን ተለክቶ ተለክቶ መታጠቢያ ቤቱ አልበቃው አለ፤ ኮሪደሩም ጠበበ። የቀረው ኩሽናው ነው፤ ኩሽናው ውስጥ ደግሞ የሚበቃው ቦታ ስቶቩ የቆመበት ብቻ ሆነ። ምራቲቱ፣ ማይክሮዌቭ አለን፣ ማንቆርቆሪያ አለን፣ ሌላውን ያለ እሳት መብላት ይቻላል፣ እማማም ያርፋሉ አለች። ልጅየው እንደ ልማዱ ማንንም ላለማስቀየም ብሎ ሁለቱንም የሚያስቀይም ፍርድ ሰጠ።

"ቅዳሜ አለቃሽ ለምሳ ትመጣ የለ? ያለ እሳት ጋብዣትና እንይ። ከወደደችው ስቶቩ ይወጣል፤ ካልወደደችው ይቀመጣል። እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔ ምን አገባኝ" አሉ እትዬ እሳት። ይህን ያህል ያገባቸው ነገር ግን በሕይወታቸው አልነበረም። ስቶቩ ከወጣ እሳቸው በዚያ ቤት ምን ሊሆኑ ነው? ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሻይ የሚመጣላቸው እንግዳ። ይህን ሲያስቡት ሆድ ባሳቸው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ምራቲቱ ሽርጧን አስራ የስፔን የምስር ሰላጣ ልትሠራ ቆመች። ከስልኳ ላይ ያገኘችው ነው። እትዬ እሳት በርጩማቸውን ስበው እንደ ምርጫ ታዛቢ በሩ ሥር ተቀመጡ። ፋብሪካ አብስሎ ያሸገው ሁለት ጣሳ ምስር ተከፈተ፣ በማጥለያ ፈሶ አረፋው እስኪጠፋ በቧንቧ ውሃ ታጠበ። ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቀይ ቃሪያ ደቀቁ፤ የወይራ ፍሬ ተሰነጠቀ። የወይራ ዘይት በሽሮፕ ኩባያዋ ሦስቴ፣ ኮምጣጤ አንዴ። ኮምጣጤውን ስትለካ ኩባያዋን ወደ መስኮቱ አንስታ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችው።

"ይኸው፣ እማማ። ዐሥር ደቂቃ።"

"በዐሥር ደቂቃ እኮ እኔ ውሃ እንኳ አላፈላም፣ ልጄ።"

"ውሃም አላፈላንማ።"

"እሱንማ አየሁ።"

"አሁን ኮምጣጤው እስኪገባው ይረፍ። እርስዎም ይረፉ። ምንም እንዳይነኩብኝ፣ አደራ" ብላ፣ ሰላጣውን በመስታወት ጎድጓዳ ሳህን ከድና ፀጉሯን ልትሠራ ፎቁ ሥር ወዳለው ፀጉር ቤት ወረደች። ባልየው ዳቦ ሊገዛ ወጥቷል።

እዚህ ላይ እትዬ እሳት ማድረግ የነበረባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ። ሰላጣው እንደሚያሳፍር ጥርጥር አልነበራቸውም፤ ስቶቩ ያለ ምንም ድካም በቦታው ይቀር ነበር። ዐሥር ደቂቃ ያህል ቻሉት። ከዚያ ክዳኑን አንስተው አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ምስሩ ቀዝቃዛ፣ ሽንኩርቱ ጥሬ፣ ኮምጣጤው ለብቻው የቆመ። ይህን ሰው ሊበላው ነው። በእሳቸው ፊት። እጃቸው ድስቱን ሲያወርድ እሳቸውን አላማከረም።

ላሙቀው ብቻ ብለው ነበር። ሲሞቅ ግን ደረቅ ሆነባቸውና አንድ ጭልፋ ውሃ ጨመሩ። መረቁ ሲቀጥንባቸው ጥቂት ምስር በማንኪያ ጀርባ ድስቱ ግድግዳ ላይ ደፍጥጠው አወፈሩት። ነጭ ሽንኩርትማ ያው ነጭ ሽንኩርት ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ምራቲቱ ለማስጌጫ ያስቀመጠችውን ቅጠል ብቻ አልነኩም፤ ቃል ቃል ነውና። ደረጃው ላይ የእንግዳ ድምፅ ሲሰሙ ሁሉንም ወደ መስታወት ሳህኑ መልሰው ገልብጠው፣ ድስቱን ምድጃው ሥር ሸሸጉ።

አለቃዋ ሰው በማመስገን የምትታማ ሴት አይደለችም። ሳምንቱን ሙሉ መድኃኒት ቤት ውስጥ ስለ እሳት አልባው ምሳ ስትሰማ ከርማለች፤ የመጣችውም ለመብላት ሳይሆን ለማረጋገጥ ይመስል ነበር። ምራቲቱ ክዳኑን አነሳች። እንፋሎት ቡልቅ አለና አዲስ የተሠራ ፀጉሯ ውስጥ ገባ። ክዳኑን እንደያዘች ዞራ አማቷን አየቻቸው። እትዬ እሳት ጣሪያውን አዩ።

አለቃዋ በላች። ደገመች። በሦስተኛው ማንኪያውን አስቀመጠች።

"እውነት ያለ እሳት ነው የሠራሽው?"

ምራቲቱ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። አዎ ብትል ሳህኑ እንፋሎት እያወጣ ነው፤ አይ ብትል የሳምንት ወሬዋ ከንቱ ነው። እትዬ እሳት አዩዋት። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ስቶቩ ተረፈ። ይህች ልጅ ግን ሰኞ በዚህች ሴት ፊት ቆማ መድኃኒት ልትቆጥር ነው። አንጀታቸውን በላችው፤ ሊጠሏት ሳምንት ሙሉ ሲለፉ ከርመው አሁን አንጀታቸውን መብላቷ ደግሞ አናደዳቸው።

"እሳት የሚባል አልነካውም፣ የኔ እመቤት" አሉ። "ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ነበር።"

"ታዲያ ይተናል እኮ።"

"ኮምጣጤው ነው።"

አለቃዋ ኬሚስትሪ የተማረች ሰው ናት፤ ኮምጣጤ እንዲህ እንደማይተን አሳምራ ታውቃለች። ግን አፏ ሙሉ ነበር። ከሁሉም የተደሰተው ልጅየው ነው። "በቃ፣ ስቶቩ ሰኞ ይወጣል" ብሎ እዚያው ስልኩን አወጣ። እትዬ እሳት ዞረው በኩሽናው በር ስቶቩን አዩት።

እንግዳዋ ከሄደች በኋላ ምራቲቱ ሳህን ልታጥብ ኩሽና ገባች። እትዬ እሳትም ድስታቸውን ሊያወጡ ከኋላዋ ገቡ።

"ስንት ደቂቃ ነው?" አለች ሳትዞር።

"አርባ።"

"በዝቅተኛ እሳት?"

"መጨረሻ ላይ በዝቅተኛ።"

የሐኪም ማዘዣ እንዳነበበ ሰው ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እጇን ጠርጋ ሳሎን ወጣች። ባሏ አሁንም ስልኩ ላይ ነው።

"ስቶቩ የትም አይሄድም" አለችው።

"እንዴ፣ አሸንፈሽ የለ? ማሽኑስ?"

"ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይገባል፤ ለክቼዋለሁ።"

ኩሽና የነበሩት እትዬ እሳት ይህን ሲሰሙ ተደሰቱ፤ ደስታቸውም ዓይናቸው ላይ ስለመጣባቸው ሽንኩርት ፈልገው መክተፍ ጀመሩ።

በሳምንቱ አለቃዋ ደወለች። ሰላጣውን ሦስት ጊዜ ሠርታው ሦስቴም እንደነሱ አልሆን ብሏታል። ምራቲቱ፣ "እማማ፣ እርስዎ ይንገሯት" ብላ ስልኩን ሰጠቻቸውና እየሰማች አጠገባቸው ቆመች። እትዬ እሳት የስቶቩን እሳት ቀነስ አድርገው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉ።

"ችኮላሽ ነው፣ የኔ እመቤት" አሉ። "እሱ ማረፍ ይፈልጋል። አርባ ደቂቃ አሳርፊው።"