ጥቁር ቀለም የተቀባው ባሌስትራ

«አይነቅዝ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ የሠራው አይበላሽማ። መካኒኩ በዚህ ስም ሲጠሩት ፈገግ ይልና ቶሎ ፊቱን ወደ ሥራው ያዞራል። አንድ የነቀዘ ሥራ እንዳለው የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው።

ያ ሥራ ዛሬ ጋራዡ ውስጥ፣ ክሪክ ላይ ተሰቅሏል። አባታቸው ለታላቅ ወንድሙ ያወረሱት አሮጌ መኪና ነው። በወንድሙ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ዘጠኝ ዓመት ከከረመ በኋላ፣ የወንድሙ ልጅ መንጃ ፈቃድ ብታወጣ ጊዜ «አጎቴ፣ አድስልኝ» ብላ አስጎትታ አመጣችው። ወንድሙም ሥራውን ሊያይ መጥቶ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። የመጣው በእግሩ ነው፤ በዚሁ መኪና አደጋ ከደረሰበት ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ከኋላው ባሌስትራ፣ የመኪናውን ክብደት ከሚሸከሙት ተደራራቢ ቅስት ብረቶች መሃል፣ ረጅሙ ተሰብሮ ነበር። አዲስ ለማግኘት ሳምንት ይፈጃል። መካኒኩ ደግሞ «እጁ ፈጣን ነው» መባል ይወዳል። በየደው፣ ጥቁር ቀለም ቀባው፣ «ቀይሬዋለሁ» አለ። የባሌስትራ ብረት እሳት ከነካው ጉልበቱ እንደሚከዳው ጀማሪም ያውቃል። በሦስተኛው ሳምንት ወንድሙ ሲነዳው መኪናው ኩርባ ላይ መንገድ ስቶ ቦይ ገባ፤ የወንድሙ ሚስት እግሯ ተሰበረ፤ እስከ ዛሬ ታነክሳለች። ወንድሙ «መሪ ላይ ሳላንቀላፋ አልቀረሁም» ሲል መካኒኩ ሰምቶ ዝም አለ። መኪናውን ከቦይ ያወጣውም፣ ሸራውን ያለበሰውም ራሱ መካኒኩ ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ነበር፤ ሆዱን ፈጀው።

አሁን ቡሎኑን ፈታ። ብረቱ ለሁለት ተከፍሎ ወጣ፣ ልክ ብየዳው ላይ። የቁርጥራጭ ብረት በርሜሉ ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው። አንዴ ቢወረውረው ነገሩ ያበቃል።

«ምን ሆነህ ነው ላብ ያጠመቀህ?» አለ ወንድሙ እየሳቀ። «ያማጥክ እኮ ነው የምትመስለው!»

«ጋሼ፣ እንቅልፍ አልነበረም።» ብረቱን ዘረጋለት። «ቀይሬዋለሁ ያልኩህ ውሸቴን ነው፤ በይጄው ነው። ያን ቀን የተሰበረው ይኼ ነው። አውቄ ነው ዝም ያልኩህ።»

ወንድሙ ስብራቱን በጣቱ ዳሰሰው።

«አልተኛሁም?»

«አልተኛህም።»

«ሚስቴ አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። እኔ ነኝ እግሯን ስትጎትት በሰማሁ ቁጥር ራሴን ስረግም የኖርኩት።»

«ይቅር በለኝ ጋሼ።»

«መጀመሪያ እሷን ጠይቃት።»

ወንድሙ አንዱን ስባሪ ለሚስቱ ሊያሳያት በጋዜጣ ጠቅልሎ ብብቱ ስር ሸጎጠና ተነሣ።

«ቆይ፣ በእኔ መኪና ላድርስህ» አለ መካኒኩ ቁልፉን ለማግኘት ኪሶቹን እየደባበሰ።

«ተወው» አለ ወንድሙ ከበሩ። «በእግሬ መሄዱን ለምጄዋለሁ።»