የትልቁ ወንበር

«ይሄ ወንበር ይሞቃል» አለች ጎረቤቲቱ፣ ገና ከመቀመጧ ብድግ ብላ። «አሁን ማን ተነስቶበት ነው?»

ማንም አልተነሳበትም። ልብስ ሰፊዋ ከማዶ ተቀምጣ በሩን ስታይ ስለዋለች ታውቃለች። ከባሏ ቀብር ወዲህ ይህ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቤቱ ሰው ሲገባበትና ሲወጣበት ውሏል። በሩ አጠገብ ጎን ለጎን ካሉት ሁለት ወንበሮች ግን በአንደኛው ላይ የባሏ ኮት ተንጠልጥሏል፤ ሁለተኛው ላይ እስከዚህች ሰዓት ድረስ የተቀመጠ አልነበረም።

«ፀሐይ ይሆናል» አለች የልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህት፣ ለጎረቤቲቱ ሌላ ቦታ እየሰጠች።

በዚያ በኩል ፀሐይ ገብቶ አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ ግን ጆሮዋን ከጀርባዋ ወደተቀመጡት ሁለት ሰዎች ጣል አድርጋለች። የባሏ የሥራ ባልደረቦች ናቸው፤ በሹክሹክታ ያወራሉ፤ ሹክሹክታቸው ግን ሞተር ሲጮህበት የኖረ ሰው ሹክሹክታ ስለሆነ ለቤቱ ሁሉ ይሰማል።

«ጡረታ ነው የገደለው።»

«አሥራ አንድ ቀን እኮ ነው ቤት የዋለው። አሥራ አንድ ቀን ብቻ!»

«የሥራ ዘመኔ ይራዘምልኛል ብሎኝ ነበር። ማመልከቻም ጽፌያለሁ ብሎኛል።»

«ታዲያ ምነው ሳይራዘምለት ቀረ?»

«እንጃ። ከልክለውት ይሆናላ።»

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። ማንም አልከለከለውም። ማመልከቻው ከጓዳ፣ በስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክር ጥቅልሎቹ ሥር ነው ያለው። እዚያ የደበቀችው እሷ ናት። ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ባሏም ሳያውቅ ሞተ ብላ ታምናለች፤ ሦስት ቀን ሙሉ እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ ያላትም በዚህ ምክንያት ነው።

ባሏ በውሃ መግፊያ ጣቢያ የፓምፕ ተረኛ ሆኖ አርባ ዓመት ሠርቷል። ጓደኞቹ «ጆሮ» ይሉታል። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና የትኛው ኩሽኔታ ሊያልቅ እንደደረሰ ይነግራቸዋል። መሐንዲሶቹ በመሣሪያቸው ለክተው እዚያው እሱ ያለው ላይ የሚደርሱት ከሳምንት በኋላ ነው።

«ሊበላሽ ያለ ሞተር አይጮህም» ይል ነበር። «ድምፁ ሁለት ይሆናል እንጂ። አንዱ የራሱ ነው። ሌላው የማን እንደሆነ ነው መፈለግ።»

ሲበዛ ተጫዋች ሰው ነበር። ዕድሜው ሲነሳ ብቻ ጨዋታው ያልቅበታል።

እናቱ «ትንሹ» ትለው ነበር፤ ልብስ ሰፊዋም ያንኑ ስም ያዘችለት። አዲስ ሙሽራ ሳለች አንድ ቀን አማቷን ለማሳቅ ብላ «ትልቁስ የታል?» ብላ ጠየቀች። አማቷ ትኩር ብላ አየቻትና «እሱም እዚሁ ነው» አለቻት። የዚያን ቀን ማንም አልሳቀም። በኋላ ባሏ ነገሩን አስረዳት። ታላቅ ወንድሙ በሦስት ዓመቱ በትኩሳት ሞቷል። በዓመቱ እሱ ሲወለድ ወላጆቹ ሌላ የልደት ወረቀት ለማውጣት አልደከሙም። ወረቀትም ነበር፣ ስምም ነበር፤ ሁለቱንም አንሥተው ለአዲሱ ሕፃን ሰጡት። በዚያ ወረቀት ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ ወረቀት ገና በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሃያ ሞልቶት ተቀጠረ። እሷን ሲያገባ እንኳ የፈረመው በዚያው ስም ነው።

ዘንድሮ ወረቀቱ ስድሳ ሞላውና የጡረታ ደብዳቤ መጣ። ባሏ ግን ገና ሃምሳ ስድስት ነበር።

«ምን ቸገረህ ትንሹ? ተቀበለው» አለችው። «አራት ዓመት ቀድመህ ታርፋለህ። የወንድምህ ስጦታ ነው በለው።»

«ስጦታ መሆኑን ማን ነገረሽ? ጠይቀሽዋል?»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«አርባ ዓመት በእሱ ቦታ ሠራሁ» አለ። «ሥራውን ስሠራለት ዝም አለ፤ ማን ይጠላል? ዕረፍቱን ስወስድበትም ዝም የሚል ይመስልሻል? ይራዘምልኝ ብዬ እጽፋለሁ። የራሴ ስድሳ ሲሞላ በራሴ ዕድሜ እወጣለሁ።»

ጻፈም። በጥንቃቄ ጽፎ አንዴ ብቻ አጥፎ እንድታስገባለት ሰጣት፤ የመሥሪያ ቤቱ ቢሮ እሷ ክርና ቁልፍ ከምትገዛበት ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ልብስ ሰፊዋ ማመልከቻውን ይዛ እስከ ቢሮው በር ሄደች። እዚያ ቆማ አሰበች። ሠላሳ ዓመት በትዳር ኖረው ስንት ጠዋት አብረው ቁርስ እንደበሉ አሰበች። እሱ ከፈረቃ ሲመለስ እሷ መኪናዋ ላይ ናት፤ እሷ ስታርፍ እሱ ካቻቢቴውን ይዞ ወጥቷል። ሌላ አራት ዓመት እንደዚህ? አልቻለችም። ክሯን ገዝታ ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች።

ጡረታ በወጣ በመጀመሪያው ጠዋት ቁርስ አብረው በሉ። እሱ ግን ከመቀመጡ በፊት ጓዳ ገብቶ አንድ ወንበር ተሸክሞ መጣና ከራሱ ወንበር አጠገብ፣ በሩ ጋ አኖረው።

«ለማን ነው?»

«ይቀመጥበት» አለ፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው ሁሉ፣ በለዘበ ድምፅ።

በማግስቱ የደንበኛ ጨርቅ ልታስቀምጥበት ስትል እጇን ያዛት። «እዚያ አታድርጊ። ሰው አለ።»

«አብደሃል እንዴ?» ብላ ጮኸችበት። ያን ጩኸት አሁን ብትመልሰው ደስ ባላት።

አንድ ጠዋት ደግሞ ካቻቢቴውን አምጥቶ ጫፉን የባዶው ወንበር መደገፊያ ላይ አሳርፎ ሲያዳምጥ ደረሰችበት። ዓይኑን ጨፍኗል። ከዚያ ገልጦ ፈገግ አለላትና «ተመችቶታል» አላት። ቀጥሎ ጫፉን የራሱ ደረት ላይ አደረገው። ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ምን እንደሰማ አልጠየቀችውም፤ ፈራች።

በአሥራ ሁለተኛው ጠዋት ሻዩን ቀድታ ጠራችው፤ ዝም አለ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ባዶው ወንበር መልሶ፣ አንድ ነገር በጆሮው እንደሚነገረው ሰው ዘንበል ብሎ ነበር። ካቻቢቴው ከእጁ አልወደቀም።

ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ባልደረቦቹ ጡረታ ነው አሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን ሌላ ነገር ነው የምታስበው፤ ለማንም ልትነግረው የማትችለውን። ትልቁ አራት ዓመቱን ሊያስመልስ መጣ፤ በሩን የከፈተችለት ደግሞ እሷ ናት።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የባሏ የፈረቃ አለቃ አንዲት ወጣት አስከትሎ መጣ። በቢሮው የጡረታ ክፍል ጸሐፊ ናት። «ፈጣሪ ያጽናዎት» ብላ ተቀመጠች። ሻይ ሲሰጧት ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ሰው እንደምትፈልግ ሁሉ ዙሪያውን ቃኘች። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጠጋ አለች።

«ይቅርታ እማማ፣ ታላቅ ወንድማቸው የትኛው ናቸው? እሳቸውንም ላጽናናቸው ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ወጣቷ ዞረች። «ታላቅ ወንድም የለውም።»

«ያን ቀን አብረዋቸው የመጡትስ?»

«የት?»

«ቢሮ ነዋ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው። የማራዘሚያ ማመልከቻዬ ከምን ደረሰ ብለው መጡ። እኔ ደግሞ ምንም አልደረሰኝም። ማን አስገባልዎት ስላቸው ‹ባለቤቴ› አሉኝ። ጠፍቶ ይሆናል፣ ጊዜው አላለፈም፣ አሁኑኑ ሌላ ይጻፉ ብዬ ወረቀት ሰጠኋቸው።»

ልብስ ሰፊዋ አቋረጠቻት። «ጻፈ?»

«አልጻፉም። ወረቀቱን ሲያዩ ሲያዩ ቆዩና ፈገግ አሉ። ‹እሷ ነገር አትረሳም› አሉኝ። ‹አውቃ ነው። ቁርስ ፈልጋ ነው።› ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።»

ልብስ ሰፊዋ ገብቷታል። ለአራት ቀን እምቢ ያላት እንባ ባንዴ ወረደ። ወጣቷ ደንግጣ ልትነሳ ስትል ክንዷን ያዘቻት።

«ጨርሺልኝ ልጄ።»

«ከዚያማ ተጨማሪ ወንበር ጠየቁኝ። ‹ዕድሜው የታላቅ ወንድሜ ነው፤ እሱን ሳልጠይቅ አልፈርምም› አሉ። አምጥቼላቸው ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ቀስ ብለው ሲነጋገሩ እሰማ ነበር። በኋላ ‹ይሁን ብሏል፤ ከእናንተ ጋር ልቀመጥ ብቻ ነው የሚለው› ብለው የጡረታውን ቅጽ ፈረሙ።»

«ሲነጋገሩ? ሁለት ድምፅ?»

«አዎ፤ ይመሳሰላሉ። አንደኛው ብቻ ወፈር ይላል።»

«ሰውየውን አየሽው?»

ወጣቷ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ስታስበው ገና አሁን እንደገረማት ፊቷ ይናገራል። «እውነቱን ልንገርዎት? ቀና ብዬ አላየሁም። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ‹አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም› ሲባባሉ ሰምቻለሁ።»

«ማን ቀደመ?»

«አላየሁም እማማ።»

ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ጓዳ ገባች። መሳቢያውን ሳበች። የክር ጥቅልሎቹን አንድ በአንድ አነሳች። ማመልከቻው እዚያው ነው። ስትደብቀው አንዴ ብቻ የታጠፈ ነበር፤ አሁን አራት ቦታ ታጥፏል። በሸሚዝ ኪሱ የሚይዘውን ወረቀት ሁሉ እንዲህ አራት ቦታ የሚያጥፍ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው። አግኝቶታል። ኪሱ ውስጥ ይዞት ውሏል። ከዚያ ወደ ቦታው መልሶት አሥራ አንድ ጠዋት ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ቁርሱን በልቷል፤ አንድም ቀን አልወቀሳትም።

ወረቀቱን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ጥፋቱ ግን ከላይዋ ተነሳ። ሊያስመልስ የመጣ ሰው ‹አንተ ቅደም› አይልም ብላ ራሷን አጽናናች። ከዚያ ደግሞ ከዚህ ቤት ቀድሞ የወጣው ባሏ መሆኑ ትዝ አላትና ጀርባዋን በረዳት።

ስትመለስ ቤቱ ሞልቶ የፈረቃ አለቃው ቆሟል። መቀመጫ ሲፈልግ በሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር አየና መደገፊያውን ያዘ።

«እዚያ ሰው አለ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አለቃው ግራ ተጋብቶ እጁን አነሳ። የራሷን ቦታ ሰጠችውና እሷ ወደ በሩ ሄደች። መዳፏን ባዶው ወንበር ላይ አሳረፈች፤ ይሞቃል። ቀጥላ የባሏን ወንበር ነካችው። ቀዝቅዟል።

ኮቱ እንዳይወድቅ በአንድ እጇ ደግፋ፣ የቀዘቀዘውን ወንበር ከሞቀው ጋር እስኪነካካ ድረስ ቀስ አድርጋ አስጠጋችው።