ጫፉ የተነከሰው ትርንጎ

ረቢ ፋይቪሽ ከሊቱዌኒያ ወደ አሜሪካዋ ከተማ ኪዮኩክ ሲገቡ የያዙት አንድ ሣጥን መጽሐፍና ሚስታቸውን ብቻ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላም እንግሊዝኛቸው ዶሮ ለመግዛት እንኳ አይበቃም ነበር። እኔ ኮርቻ ሰፊው ዜሊግ ግን ዛሬ ማንም ፊት ቆሜ እናገራለሁ፤ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ካሉት ከተሞች ሁሉ እንደኛ ያለ ረቢ ያገኘ የለም። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ከመረዳቴ በፊት አፌን ከፍቼ ራሴን አዋርጃለሁ።

የአይሁድ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጨርቅ ነጋዴው ሆክሃይመር ነበር። ከባቫሪያ የመጣው ከሁላችንም ቀድሞ ስለሆነ ወንዙን ራሱ የቆፈረው ይመስለዋል። ረቢያችንን አይወዳቸውም። በእንግሊዝኛ የሚሰብክ፣ ጢሙን የተከረከመ፣ ጎረቤት ፊት የማያሳፍር ረቢ ይፈልጋል። የረቢ ፋይቪሽ ውል የሚያበቃው በዚያ ዓመት የዳስ በዓል ስለነበር፣ ይቆዩ ወይስ ይሂዱ የሚለውን በዚያው ሰሞን እጅ አውጥተን በድምፅ ብልጫ ልንወስን ተቀጣጥረናል።

ለዳስ በዓል ትርንጎ ያስፈልጋል። ኪዮኩክ በረዶ እንጂ ትርንጎ አያበቅልም። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ብቻ፣ በመርከብ ባሕር ተሻግሮ፣ ከኒውዮርክ በባቡር ይመጣልናል። በዓሉ እስኪገባ በተልባ ቃጫ ተጠቅልሎ፣ በትንሽ ሣጥን ረቢ ቤት ይቀመጣል። በበዓሉ ጠዋት እያንዳንዱ ሰው በተራው ከዘንባባ ቅርንጫፍ ጋር ይዞ ይባርክበታል። አናቱ ላይ ያለችው ትንሽ ጫፍ ከተቆረጠች ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አይባረክበትም።

በበዓሉ የመጀመሪያ ጠዋት ምኩራቡ ጢም ብሎ ሞልቷል። ረቢ ትርንጎውን ከሣጥኑ አውጥተው ከፍ አድርገው አሳዩን። ጫፉ የለም። በመዳፋቸው ቢሸፍኑት ማንም አያይም ነበር፤ እኛ ለመሆኑ ትርንጎ እናውቃለን? ሎሚ ቢሰጡንም እንባርክበት ነበር።

"ዛሬና ነገ በዚህ አትባርኩ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሕጉ ይፈቅዳል። እኔ ቤት ነበር የተቀመጠው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ።

ሆክሃይመር ፊቱ በርበሬ መሰለ። ማን ነው የነካው ብሎ ጠየቀ። ረቢ መልሰው፣ የጠባቂው ስም ይበቃል አሉ። ሁለቱን ቀን ሙሉ ከተማው ስለዚህ ብቻ ሲያወራ ከረመ። አይጥ ነው ያለ አለ፤ የረቢ ሚስት ጎመጀች ያለም አለ። እኔ ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ለፍሩመት ስደነፋ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ሆዷን ትደባብስ ነበር። የመውለጃዋ ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ሕፃን ቀብረናልና ዝምታዋ የፍርሃት መስሎኝ አልጨቀጨቅኳትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሆክሃይመር ከጸሎት በፊት ጉባኤ ጠራ። ነገሩ ሳይለይ ማንም ትርንጎውን አይነካም ብሎ ሣጥኑን ክንዱ ሥር ወሸቀ። ረቢ ፋይቪሽ እንደ ተከሳሽ ፊት ለፊታችን ቆሙ። ሚስታቸው ከላይ ከሴቶቹ ሰገነት ሆና ታያለች። ከዚህ ከተባረሩ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ እንግሊዝኛ፣ የሚቀጥራቸው እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ ነው እኔ ጀግናው ብድግ ያልኩት።

"አንድ ፍሬ መጠበቅ ያቃተው ረቢ እኛን እንዴት ይጠብቃል?" አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ እሱን አልደብቅም።

ጭብጨባው ሳያልቅ የሰገነቱ ደረጃ መንቋቋት ጀመረ። አንዲት ሴት ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች ትወርዳለች። በጉባኤያችን ሴት ተናግራ አታውቅም። የወረደችው ፍሩመት ነበረች።

"የነከስኩት እኔ ነኝ" አለች። "እናቴ ጫፉን የነከሰች በሰላም ትገላገላለች ትለኝ ነበር። የሚነከሰው በበዓሉ መጨረሻ ቀን እንደሆነ አውቃለሁ። አዋላጇ ግን እስከዚያ አትቆዪም አለችኝ። ልየው ብዬ ረቢ ቤት ሄድኩ፣ ብቻዬን ሲተዉኝ ነከስኩት። ሦስተኛ ልጅ መቅበር አልችልም።"

እኔ ጀግናው ከቆምኩበት ቁጭ አልኩ።

ረቢ የራሳቸውን ወንበር ጎትተው አስቀመጧት። ሆክሃይመር ያውቁ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

"ከበዓሉ ዋዜማ ጀምሮ" አሉ ረቢ። "ከፊት ጥርሶቿ አንዱ የለም። ፍሬው ላይም እንደዚያው ነው።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ሊባረሩ እኮ ነበር!"

"ትርንጎው አደራዬ ነበር፤ አበላሸሁት። እሷም አደራዬ ናት። በአንድ ሳምንት ሁለት አደራ ላበላሽ?" አሉና ወደ ፍሩመት ጎንበስ አሉ። "ለመሆኑ መራራ ነበር፣ ልጄ?"

"በጣም፣ ረቢ።"

"እንኳን። ጣፋጭ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ትበዪው ነበር።"

መጀመሪያ የሳቀችው የረቢ ሚስት ናት። ሆክሃይመር አልሳቀም፤ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ሣጥኑን ግን ከክንዱ ሥር አውጥቶ በሁለት እጁ ለረቢ ዘረጋላቸው።

"ሦስተኛው ቀን ነው፤ ሕጉ ይፈቅዳል ብለዋል። ይባርኩ፣ ረቢ" አለ።

እጅ አውጡ ያለን የለም። ስለ ውሉም ከዚያ ቀን በኋላ ያነሳ አልነበረም።

በዚያ ጠዋት ከሊቀ መንበሩ እስከ ጋሪ ነጂው ሁሉም ያንን የጎደለ ትርንጎ በተራው ይዞ ባረከበት። እኔ የመጨረሻው ነበርኩ፤ ኋላ የቆምኩት በሐፍረት ነው። ስቀበላቸው ረቢ ጣቶቼን ፍሬው ላይ አስተካከሉልኝ። አውራ ጣቴ ቁስሉ ላይ አረፈ፤ የጥርስ ምልክት፣ ክፍተት፣ እንደገና የጥርስ ምልክት። ስምንት ዓመት አብሬው የኖርኩት ፈገግታ ነው። በረቢዬ ኮራሁ፣ በሚስቴም ኮራሁ። በረከቱን ስጀምር ድምፄ ተሰበረ፤ ረቢ ከጎኔ ቆመው አስጨረሱኝ።