የጋሽ ኑሪ ፈረሶችና የአስተያየት ሳጥኑ

ልጄ ሊሻን በጋሽ ኑሪ መናፈሻ ውስጥ የምትወደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈረሶቹን። ስምንት የእንጨት ፈረሶች ናቸው፤ በአንድ ምሰሶ ዙሪያ ይዞራሉ። ድሮ ከወፍጮ ቤት በመጣ ሞተር ይዞሩ ነበር። ሞተሩ ከተቃጠለ ወዲህ ጋሽ ኑሪ ራሳቸው በእጃቸው እየገፉ ያዞሯቸዋል። ቀለማቸው ተልጧል፤ ሁለቱ ጆሮ የላቸውም፤ የአንዱ ጅራት ገመድ ነው። ሆሳዕና ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። እኔም ልጅ ሆኜ፣ አባቴ ለመስቀል ገበያ ከገጠር ይዞኝ ሲመጣ፣ ከነዚሁ ፈረሶች በአንዱ ላይ ተቀምጬ ነበር። ገና መዞር ሳይጀምር እወድቃለሁ ብዬ አልቅሼ ወረድኩ። እንዲህ ነኝ፤ ክፉው ነገር ሳይመጣ በፊት እኔ ቀድሜ እቀበለዋለሁ።

ዘንድሮ ክረምት ላይ የጋሽ ኑሪ ልጅ ሀናን ምህንድስናዋን ጨርሳ ከአዲስ አበባ ተመለሰች። መናፈሻው ሊታደስ ነው ተባለ። ሀናን «የጋሽ ኑሪ መናፈሻ ወዳጆች» የሚል የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። ስልክ ለሌለው ሰው ደግሞ በሩ አጠገብ የአስተያየት ሳጥን ሰቀለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግሩፑ ሞላ። ዱራሜ ያሉት፣ አዲስ አበባ ያሉት፣ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ የከፈቱት ሳይቀሩ ይጽፋሉ።

«ሸርተቴው ይቀየር። ሦስት ሱሪ ቀዶብኛል፤ ለሦስቱም ተገርፌያለሁ።»

«ሽንት ቤቱን ካላደሳችሁ ሌላውንም አትድከሙበት።»

«ዛፎቹን እንዳትነኩ! እኔና ባለቤቴ የተዋወቅነው ከበሩ በስተቀኝ ባለው ዛፍ ሥር ነው።» ከዚህ ሥር የሰውየው ሚስት «እሱ ዛፍ በመጀመሪያ ይቆረጥ» ብላ ጻፈች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ሳቄን ያጠፋው ዕንባቆም ነው። ዕንባቆም ስልክ የሚጠግን ወጣት ነው፤ ግሩፑ ውስጥ የእሱን ያህል የሚጽፍ የለም። «ፈረሶቹ በክብር ጡረታ ይውጡ» አለ። «በዚህ ዘመን በእጅ የሚገፋ መጫወቻ ያሳፍራል። በቦታቸው ባቡር ይምጣ። ሙዚቃ ያለው፣ ዙሪያውን ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ያለው።» ያንን የወደደው ሰው ብዛት ስልኬን ከእጄ ሊጥለው ምንም አልቀረው።

ለምን እንደደነገጥኩ ልናገር። ሊሻን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለባት። ጠዋትና ማታ ኪኒን ትወስዳለች። ሐኪሙ ከፍ ያለ ነገር ላይ እንዳትወጣ፣ ብልጭ ድርግም ከሚል መብራትም እንድትርቅ ነግሮናል። ይህን የምናውቀው ባለቤቴ ጠና፣ እኔና ሐኪሙ ብቻ ነበርን። ለአስተማሪዋ እንኳ አልነገርኩም። በእኛ አካባቢ ይህ በሽታ በምራቅ ይተላለፋል የሚል ብዙ ሰው አለ። ልጄ ብቻዋን ወንበር ላይ ስትቀመጥ፣ ውሃ የጠጣችበት ብርጭቆ ሲሰበር፣ ነጋ ጠባ ይታየኝ ነበር።

አራተኛው የሚያውቀው ሰው ጋሽ ኑሪ ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሊሻን ፈረሱ ላይ እንዳለች ጣላት። ጋሽ ኑሪ በአንድ እርምጃ ፈረሶቹን አቆሙ፤ ሞተር ቢሆን ኖሮ አንድ ዙር ሙሉ ይጎትታት ነበር። አውርደው በጎኗ አስተኟት፤ ኮታቸውን ከጭንቅላቷ ሥር አደረጉ። አንዲት ሴት ክብሪት ጭራ ልታሸታት ስትመጣ «አጥፊው፤ ፀሐይ ነው የመታት» ብለው መለሷት። ለተሰበሰቡት ልጆችም «ተኝታለች፣ አትረብሿት» አሉ። ለእኔ ምንም አላሉኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሊሻን ስትመጣ እርሳቸው ከሚገፉበት ቦታ አጠገብ ባለው ፈረስ ላይ ያስቀምጧታል፤ ሲዞሩም አብረዋት ይዞራሉ። እሑድ እሑድ ልጄ እንደሌላው ልጅ የምትስቀው እዚያ ነው። ሌላ ቦታ የለንም።

ስለዚህ ጻፍኩ። ቴሌግራሙ ላይ ስሜ ይታያል ብዬ ፈራሁ፤ ሳጥኑን መረጥኩ። እኔ የማውቀው የአስተያየት ሳጥን በየቢሮው ግድግዳ ተሰቅሎ፣ ቁልፉ ጠፍቶ፣ ሸረሪት ያደራበት ነው። ሰው ብሶቱን ጽፎ ይከታል፤ ትንሽ ቀለል ይለውና ቤቱ ይሄዳል። የሚከፍተው የለም። ይህንን ስለማውቅ ሁሉንም ነገር ጻፍኩት። የበሽታውን ስም፣ የወደቀችበትን ቀን፣ ጋሽ ኑሪ ያደረጉትን። ጽፌ ስጨርስም እጄ ዝም ብሎ እንደለመደው ሙሉ ስሜን፣ ቀበሌዬን፣ ስልኬን አሰፈረና ፈረመ። ትምህርት ቤት ማመልከቻ ያስተማሩን መምህር ስምና ፊርማ የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም ይሉን ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሀናን ግሩፑ ላይ ድምፅ ላከች። «ቅዳሜ ከሰዓት ሳጥኑን በሁላችሁም ፊት እንከፍታለን። እያንዳንዱ ወረቀት ጮክ ተብሎ ይነበባል። አንድም አስተያየት አይደበቅም።»

ጠና ጋር ደወልኩ። የዱራሜ መስመር ሚኒባስ ነው የሚነዳው።

«ጠና፣ አለቀልን!»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያው አላለቀልንም። ተሳፋሪ እየጫንኩ ነው፤ ቆየት ብዬ እደውላለሁ።»

ዓርብ በጠዋት መናፈሻው በር ላይ ደረስኩ። ዘበኛው ጋሽ ዋለ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ዋለ፣ ይህ ሳጥን ከምር ይከፈታል እንዴ?»

«ሳጥን አይደል? ካልተከፈተ ምን ይሠራል?»

«ቁልፉስ የት ነው?»

«ሀናን ጋ። እሷ ደግሞ እንጨት ልታይ ሙዱላ ወርዳለች። ነገ ነው የምትደርሰው።»

እርሳቸው ሻይ ሊጠጡ እስኪነሱ ጠበቅኩና የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ ያኘክሁትን ማስቲካ ለጥፌ በሳጥኑ ቀዳዳ አስገባሁ። አንድ ወረቀት ተጣበቀልኝ። ጎትቼ ሳነበው «ሻይ ቤቱ ትኩስ ብስኩት ይኑረው» ይላል። መልሼ ከተትኩት። ሁለተኛ ጊዜ ስሞክር ከኋላዬ የጋሽ ኑሪ ባለቤት የእትዬ ሰፊያ ድምፅ መጣ።

«የሊሻን እናት! ሌባ ዶሮ ይሰርቃል፤ አንቺ አስተያየት ትሰርቂያለሽ?»

«እ... ፊደል ተሳስቼ ነው፣ እትዬ ሰፊያ። ላርመው ብዬ ነው።»

«ለአንድ ፊደል ነው እንዲህ የሚያልብሽ?» አሉና መጥረጊያውን ከእጄ ወሰዱ። ደረታቸው ላይ አስጠግተው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ሂጂ ቤትሽ። ሀናን ልጄ ናት፤ አፏ እንደ በር ለሁሉም አይከፈትም።» ምን እንደሚያውቁ፣ ምን እንደማያውቁ አልገባኝም። የባሰ ፈራሁ።

ቅዳሜ ልቀር አስቤ ነበር። ብቀር ግን ወረቀቴ ተነቦ ሰው እየተንሾካሾከ ሊሻንን መንገድ ላይ ሲያያት ታየኝ። ቢያንስ አጠገቧ ልሁን ብዬ ይዣት ሄድኩ። ሰው ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ልጆቹ ሸርተቴው ላይ ናቸው። ሊሻን ጓደኛዋን ሱምያን ይዛ በቀጥታ ወደ ፈረሶቹ ሮጠች። ጋሽ ኑሪም ከስብሰባው ርቀው ምሰሶው አጠገብ ቆመዋል።

ሀናን ሳጥኑን ከፈተች። ከግሩፑ የተገለበጠው የሱሪውና የሽንት ቤቱ ነገር፣ ከሳጥኑም የብስኩቱ ተነበበ። ብስኩቱ ሲነበብ እትዬ ሰፊያ ወደ እኔ አዩ፤ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ሀናን ባለመስመር ወረቀት አወጣች። የእኔ ነው።

«ጉዳዩ፦ ፈረሶቹ ባሉበት እንዲቆዩ ስለመጠየቅ» ብላ አነበበች።

ሰው በሳቅ ፈነዳ። «ማዘጋጃ ቤት የጻፈው ነው እንዴ!» አለ አንዱ። «ግልባጭ ለእነማን ነው?» አለ ዕንባቆም።

ሀናን ሁለተኛውን መስመር ልታነብ አፏን ከፈተችና ዝም አለች። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ወረደ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ በዝምታ አነበበች። ከዚያ ቀና አለች፤ እኔን ግን አላየችም። ሆን ብላ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየች።

«ይህ ወዳጃችን ፈረሶቹ ይቆዩ ይላል» አለች። «ምክንያቱን ጽፏል። በቂ ምክንያት ነው።» ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

እግዚአብሔር ይባርካት አልኩ በልቤ።

«ኧረ ይነበብ!» አለ ዕንባቆም። «አንድም አይደበቅም አላልሽም? የሽንት ቤቱን ሳይቀር አንብበሻል!»

«ይነበብ! ይነበብ!» አለ ሰው።

«የሰው ገመና ስላለበት አላነብም» አለች ሀናን። «የተናገርኩትን ማጠፌ ነው። ይቅርታ። ይልቅ ድምፅ እንስጥ። ፈረሶቹ ተነስተው በቦታቸው ባቡሩ ይግባ የምትሉ?»

እጆች ወጡ። መቁጠር አላስፈለገም። በክፋት እጁን ያወጣ አንድም ሰው እንዳልነበረ አውቃለሁ። ምክንያቱን ያልሰማ ሰው ጆሮ የሌለው ፈረስ ምን ያደርግለታል? ወደ ምሰሶው ዞርኩ። ጋሽ ኑሪ ሊሻንንና ሱምያን ቀስ ብለው እየገፉ ነበር። እጆቹን አይተዋል። መግፋታቸውን አላቆሙም።

እስካሁን ወረቀቱ መነበቡን ነበር የምፈራው። ያን ጊዜ ግን ያልተነበበው ወረቀት ልጄን ያቺን አንድ ቦታዋን ሊያሳጣት እንደሆነ ታየኝ። ተነሳሁ።

«ወረቀቱ የእኔ ነው» አልኩ። «አስካለች እባላለሁ። የሊሻን እናት ነኝ። ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት።»

ከዚያ በኋላ ያልኩትን በደንብ አላስታውስም። ባቡሩን እንደማልጠላ ተናግሬያለሁ። መብራቱ እንደሚጥላት፣ ሞተር ያለው ነገር ቶሎ እንደማይቆም፣ ጋሽ ኑሪ ግን በአንድ እርምጃ እንደሚያቆሙ ተናግሬያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላመሰግናቸው እንደኖርኩ፣ ባመሰግናቸው ምስጢሩ ይወጣል ብዬ እንደፈራሁም ተናግሬያለሁ።

ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት እናት ተነስታ ወደ ፈረሶቹ ሄደች፤ ሊሻን ከወረደችበት ፈረስ ላይ ሊቀመጥ የነበረውን ልጇን በክንዱ ስባ ወሰደችው። አየሁ። ሊሻንም አየች። የፈራሁት እውነት ነበር፤ አልዋሽም።

ግን እርሱ ብቻ አልነበረም። ዕንባቆም ጭንቅላቱን እያከከ ተነሳ።

«እኔ እኮ... እንዲህ መሆኑን ማን ነገረኝ?» አለ። «እጄን አውርጃለሁ። ባቡሩ ከወዲያኛው አጥር በኩል ይሁን፤ መብራቱም ወደዚያ ይዙር። ፈረሶቹ ይቆዩ። ግን ጆሮ ይገጠምላቸው፤ ስንጮህባቸው ይስሙን!»

ሰው ሳቀ፤ እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። ጋሽ ኑሪ ከምሰሶው ሳይላቀቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

«የምገፋው እኔ ነኝ። እኔ ሳረጅ ደግሞ ዕንባቆም ይገፋል።»

«ጋሽ ኑሪ፣ እኔ እኮ ወገቤን ያመኛል!»

«በእጅ መግፋት ያሳፍራል ያልከው ለዚህ ነዋ!» አሉ እትዬ ሰፊያ። ከዚያ ሳቁ አልቆመም።

ሀናን ወረቀቴን ከኪሷ አውጥታ በእጄ አስያዘችኝ። ፈረሶቹ ቀለም እንዲቀቡ፣ በዙሪያቸው የሚተከለው መብራት ሁሉ የማይርገበገብ እንዲሆን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ጋሽ ኑሪን ላመሰግን ቀረብኩ። «እናውቃለን፣ የሊሻን እናት» አሉ፤ ይኸው ነው።

ወደ ቤት ስንሄድ ጠና ደወለ። ከዱራሜ ገብቷል፤ መናኸሪያ ነው። «እዚህ ሁሉም ሰምቷል» አለ። ይቆጣል ብዬ ነበር። «ደግ አደረግሽ፣ አስኩ። መደበቁ እኔንም ደክሞኝ ነበር» አለና ስልኩን ዘጋው። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ አላፊ አግዳሚው ያየኛል ብዬም አላሰብኩም።

«እማ፣ ለምን ለሁሉም ነገርሽ?» አለች ሊሻን።

«ይቅርታ ልጄ። መጀመሪያ አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ያ ልጅ በእኔ ምክንያት ሄደ።»

«አዎ፣ ሄደ። ሌላም ሊሄድ ይችላል።»

አሰበችበት። ድንጋይ በጫማዋ ጫፍ እየመታች ሄደች።

«ሱምያ አልሄደችም» አለች። «ስወድቅ ምን ላድርግልሽ አለችኝ። ነገርኳት። ቀላል ነው አለች።» ከዚያ ቆም ብላ ወደ ላይ አየችኝ። «አሁን ሁሉም ካወቀ፣ እሑድ ከሱምያ ጋር ብቻችንን መሄድ እንችላለን ማለት ነው?»

ስንት ነገር መጣብኝ። መንገዱ፣ ባጃጁ፣ ድልድዩ፣ ዝናቡ። ይህችን ጥያቄ ልጄ እስከ ዛሬ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር፤ መጠየቅ እንደምትችልም አላወቀችም። ይህን የሰጡኝን ሰዎች አንድ በአንድ በልቤ አመሰገንኩ፤ ሀናንን፣ እትዬ ሰፊያን፣ ዕንባቆምን ሳይቀር። ጌታንም አመሰገንኩ።

«እሺ» አልኳት። ፈርቼ ነበር፤ እሺ ግን አልኳት።